አንዲት የተረሳች ኮከብ

ዳርዊንቦትስ «ቦት» የሚባሉ ሰው ሠራሽ ፍጥረታት በኮምፒውተር ውስጥ የሚኖሩበት፣ የሚተኳኮሱበትና የሚዋለዱበት ፕሮግራም ነው፤ እያንዳንዱ ቦት የሚመራው «ዲኤንኤ» በሚባል የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ቦቱ እግርም ዓይንም የለውም። ያለው ከ1 እስከ 1000 ቁጥር የተሰጣቸው የማህደረ ትውስታ ሣጥኖች ናቸው፤ የሚያየውም የሚሄደውም በእነሱ ነው። ሣጥን 1 «አፕ» ይባላል፤ 10 ሲጻፍበት ቦቱ ወደፊት ይገፋል። ሣጥን 505 «አይ5» ነው፣ ከዘጠኙ ዓይኖች የመሃለኛው። ፊቱ ባዶ ከሆነ 0 ያሳያል፤ የሆነ ነገር ሲቀርበው ቁጥሩ ያድጋል። 310 ላይ «ኤንአርጂ»፣ ማለትም ጉልበቱ አለ። ከዚህ ተነስቶ አዳኝና ታዳኝ ሲወጣ ማየት እስካሁን አልሰለቸኝም።

አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ግን ዲኤንኤው ውስጥ ከምትጻፍ ከአንዲት ኮከብ (*) ነው። ከሣጥኑ ስም ፊት ነጥብ ብቻ ካለ የሚገኘው የሣጥኑ ቁጥር ነው፤ ከነጥቡ በፊት ኮከብ ሲገባ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ይነበባል። «.አይ5 0 >» ብሎ የጻፈ ሰው የጠየቀው «505 ከ0 ይበልጣል ወይ?» ብሎ ነው። ሁሌም ይበልጣል። ተኩሱ በዚህ ሁኔታ ላይ ከተንጠለጠለ ቦቱ ባዶ ሜዳ ላይ ይተኩሳል፤ ተኩስ ጉልበት በሚያስከፍልበት ዓለም ደግሞ በገዛ እጁ ያልቃል። የመውለድ ሁኔታው «.ኤንአርጂ 20000 >» ሲባል ነገሩ ይገለበጣል፦ 310 መቼም 20000ን አይበልጥምና ቦቱ ጉልበት እያጠራቀመ ይኖራል እንጂ አይወልድም። ፕሮግራሙ አንዳች ስህተት አይናገርም፤ አጻጻፉ ትክክል ነዋ! መካን ቦት ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምፈልገው ኮከቧን ነው።

ቅደም ተከተሉ ለእኛ አይከብድም። «10 .አፕ ስቶር» ማለት «አስርን አፕ ውስጥ አስቀምጥ» እንደማለት ነው፤ ግሱ እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ይመጣል። «.አፕ 10 ስቶር» ከተባለ ግን 1 የሚለው ቁጥር ሣጥን 10 ውስጥ ይገባል፣ ቦቱም ንቅንቅ አይልም። ሁለት ጂኖች (የዲኤንኤው የትእዛዝ ክፍሎች) በአንድ ዑደት አንድ ሣጥን ላይ ከጻፉ የሚጸናው የኋለኛው ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የዘመድ ነገር ነው። በተለመደው አሠራር ቦት ወገኑን የሚለየው «ረፍአይ»ን (የሚያየውን ቦት ቁጥር) ከ«ማይአይ» (ከራሱ ቁጥር) ጋር አስተያይቶ ነው፤ ሁለቱም በየባለቤታቸው ዲኤንኤ ውስጥ የዓይን ስም ስንት ጊዜ እንደተጻፈ የሚቆጥሩ ናቸው። ሚውቴሽን፣ ማለትም በዘፈቀደ የሚመጣ የዲኤንኤ ለውጥ፣ ከልጁ ዲኤንኤ አንዱን ስም ካጠፋው ቁጥሩ ይለያያል፣ እናቲቱም የወለደችውን ባዳ ነው ብላ ትተኩስበታለች። ይህን ለማረጋገጥ ሚውቴሽኑን አጥፍቶ ያንኑ ዝርያ እንደገና ማስነሳት ነው። ተኩሱ ካልቆመ ጥፋቱ ማወዳደሪያው መስመር ላይ ነው፤ እዚያም ኮከቦቹ ሁለት መሆናቸውን መቁጠር ነው።