ሃምሳ ጊዜ አንድ ዳገት

ኤቨረስትን በብስክሌት መውጣት የሚባል ፈተና አለ። ተራራው ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ አንድ ዳገት ይመረጥና የተወጣው ከፍታ ተደምሮ 8,848 ሜትር እስኪሞላ ይመላለሱበታል። ሰዓት አይገደብም፣ ቁጭ ብሎ መብላትም ይቻላል፤ እንቅልፍ ግን ክልክል ነው። ፈር ቀዳጁ እ.ኤ.አ. በ1994 አውስትራሊያ ውስጥ ዶና ቡዋንግ በተባለ ተራራ የተመላለሰው ጆርጅ ማሎሪ ነው፤ በ1924 ኤቨረስት ላይ ሞቶ የቀረው የሞክሼው ተራራ ወጪ የልጅ ልጅ።

እኔ ዳገት ላይ ጎበዝ ሆኜ አይደለም የገባሁበት። ትምህርት ያቋረጡና ደጋፊ የሌላቸው ወጣቶች ሙያ የሚማሩበት አንድ ማዕከል የመሣሪያ መግዣ አጥሮት ነበርና፣ «በብስክሌት እሰበስብላችኋለሁ» የሚል ቃል አፌ አመለጠው።

ከዳገቱ ይልቅ የከበደኝ ገንዘብ መጠየቁ ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት የአንዱን ልጅ ፎቶ ከሚያስለቅስ ታሪክ ጋር መለጠፍ ነበር። አስተባባሪዋ ሰማችኝና «ነገ ሥራ ሲጠይቅ አሠሪው ይህን ቢያይስ?» አለችኝ። አፍሬ ተውኩት። ቀጥሎ አንድ ዓይነት መልእክት ለማውቀው ሁሉ ላክሁ፤ መልስ የሰጡኝ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የመረጥኩት ዳገት 3 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ 180 ሜትር ከፍታ ስላለው ሂሳቡ 50 ዙር ይመጣል። ስለዚህ ዙሮቹን እየደወልኩ አንድ በአንድ መሸጥ ጀመርኩ፦ «17ኛውን ለአንተ ልውጣልህ?» የቀን ዙሮች ቶሎ አለቁ። የሌሊቶቹን የወሰዱልኝ ሌሊት ሥራ የሚያድሩ ሰዎች ናቸው።

ልምምዱ አራት ወር ፈጀ። ስለ እሱ የምለው ትንሽ ነው፦ ትንሹን ማርሽ አትናቁት፣ በየሰዓቱ 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት የሚሰጥ ምግብ ሳይርባችሁ ብሉ፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ጃኬት ልበሱ። ዳገት ላይ ያላበው ገላ ቁልቁል ሲወርድ እንዴት እንደሚንዘፈዘፍ የሚያውቀው የቀመሰው ብቻ ነው።

ጠዋት 3 ሰዓት ጀመርኩ። ብስክሌት ጥገና የሚማር አንድ የማዕከሉ ልጅ ከዳገቱ ሥር ተቀምጦ ዙሩን ድንጋይ ላይ በጠመኔ ይቆጥርልኛል፤ የቆጣሪው ባትሪ ቢያልቅ ብለን ነው። 38ኛው ላይ ደክሞኝ፣ ፔዳሉን አክብጄ እንደረገጥኩ ማርሽ ቀየርኩና ካቴናው ተበጠሰ። ጥፋቱ የኔው ነው። ብስክሌቱን እየገፋሁ ወረድኩ። ልጁ በባትሪ ብርሃን አንድ ቀለበት አውጥቶ ካቴናውን ገጠመው፤ ዙሩን ግን ከሥር እንደገና መጀመር ነበረብኝ።

እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ያልተሸጠ ዙር አለ?» ሲል ጠየቀኝ።

«41ኛው አለ። ግን አንተማ ተው፣ የምንሰበስበው ለእናንተ አይደል?»

«ጋሼ፣ የኔ ገንዘብ አይቆጠርም?»

መልስ አጣሁ። ከኪሱ ያወጣውን ሳልቆጥር ተቀበልኩት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፎ 41ኛውን ስጀምር ጠመኔውን አስቀመጠና አጠገቤ እየሮጠ የመጀመሪያዋን ኩርባ አብሮኝ ወጣ። ሃምሳኛውን የጨረስኩት በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ነው። ስወርድ ካቴናውን ጎንበስ ብሎ አየና «ይሄ መቀየር አለበት» አለኝ።