የኛ ባጃጅ በአስማት ቢሄድ

ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ሶስተኛውን እንጀራ አዙራ አክንባሎውን ከመክደኗ መብራት ድርግም። ትንሽ ጠበቀች፣ ከፍታ ስታየው ዳር ዳሩ አይን አውጥቷል መሀሉ ግን ሊጥ ነው፣ "ይሄ እንግዲህ የዶሮ ነው" ብላ በሰፌዱ ጠርዝ ገፋ አደረገችው። እኔ በረንዳ ላይ ጌም እየተጫወትኩ ነበር፣ ስልኬ 11 ፐርሰንት ላይ።

ጌሙ ፋይናል ፋንታሲ 6 ነው፣ በፈረንጆቹ 1994 የወጣ የጃፓን ጌም፣ በእድሜ ይበልጠኛል። እዛ ላይ ማጂቴክ የሚሉት ነገር አለ፣ ባጭሩ በናፍጣም በመብራትም ሳይሆን በአስማት ሀይል የሚሰራ ማሽን ማለት ነው። ሀይሉ ከየት ይመጣል ካላችሁ ኤስፐር የሚባሉ ፍጡሮችን ይዘው ዘግተውባቸው ጉልበታቸውን ይመጧቸዋል። በ1997 የወጣው 7ኛው ላይ ደግሞ ማኮ ነው የሚባለው፣ ሪአክተር ተክለው የምድሪቱን እስትንፋስ ራሱን ይስባሉ ከተማው በሱ ይበራል። እኔ የምወዳቸው ለዚህ ነው፣ ሂሳቡን የሚከፍል አለ። ዝም ብሎ የሚያበራ ድንጋይ ሞተር ውስጥ ከትቶ "አስማት ነው" ማለት ምኑ ነው አስማቱ፣ ባትሪ አይደል እንዴ።

እና ስልኬ ሲዘጋ የማስበው ይሄንኑ ነበር፣ ይሄ ነገር ጎንደር ቢሰራ በምን ይሰራል?

አስማት በግዕዝ ስሞች ማለት ነው፣ የስም ብዙ ቁጥር። ስለዚህ የኛ ማሽን ድንጋይም ጋዝም አይፈልግም፣ ስም ነው የሚፈልገው፣ የሚጽፍለት ደብተራ ደግሞ ድሮም እዚህ ሀገር ጠፍቶ አያውቅም። የድሮውን ክታብ አይታችሁ ከሆነ ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው የሚዘጋጀው ከራስ እስከ እግሩ እንዲጠብቀው፣ ጽሁፉ መሀል ላይ ደግሞ ለወንድ "አድኅኖ ለገብርከ" ለሴት "አድኅና ለአመትከ" ተብሎ የክርስትና ስሙ ይገባል። አሁን ይሄን ባጃጅ ላይ አስቡት። በባጃጁ ርዝመት የተቆረጠ ብራና ተጠቅልሎ ሞተሩ ስር፣ ውስጡ የባለቤቱ ስም፣ ሌላ ሰው ቢቀመጥበት ንቅንቅ የለም። ሌባ አበቃለት ማለት ነው። ግን ደግሞ ፋብሪካ የሚባል ነገር የለም፣ አንድ ሺ ባጃጅ አንድ ሺ ጊዜ ተለክቶ አንድ ሺ ጊዜ በእጅ ይጻፋል፣ ማራኪ ሰፈር ለመሄድ ወረፋ ስትጠብቁ ደብተራው ገና ብራና እየፋቀ ነው። የጃፓኖቹ ሀይል የማንም ሰው ስም የለበትም፣ ለዛ ነው በሪአክተር ተመርቶ ለሰራዊት የሚታደለው። የኛው በስም ስለሆነ ሰራዊት ለማስታጠቅ አይመችም፣ ንጉስ ቢፈልግም የእያንዳንዱን ወታደር ክርስትና ስም መጠየቅ አለበት።

ሲሸጥስ? እሱም መላ አለው፣ አሮጌ ክታቦች ላይ የመጀመሪያው ሰው ስም ተፍቆ የሌላ ሰው የተጻፈበት ይገኛል። ስም ማዛወር ማለት ያኔ ነው እንጂ አሁን በፋይል ከቢሮ ቢሮ የሚያንከራትቱን ምን ስም ማዛወር ነው።

ይሄን ሁሉ ለእማዬ ነገርኳት፣ ባጃጁን ትቼ በምጣዱ አስረዳኋት፣ ክታቡ ሸክላው ስር ይሆናል መብራት ሄደ አልሄደ አታስቢም አልኳት። መጀመሪያ አማተበች። "ወይ አንተየ፣ ጥንቆላ ነው እቤቴ የምታስገባው" አለችና ማሰሻውን እያጠፈች ዝም። እኔም ያለቀ መስሎኝ ልነሳ ስል፣

"ቆይ ግን ምጣዱ ራሱ ስም ካስፈለገው ገብርከ ነው አመትከ የሚባለው?"

አላሰብኩበትም አልኳት።

"እንዴት አላሰብክበትም? በአርባ ቀኑ ልውሰደው በሰማንያ?"