ረጅም ነገርኩህ፣ አጭር ነገርካት

ጮቄ ተራራ ላይ እንግዳ ይዤ መውጣት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ዝናብ ደብድቦኛል፣ ጉም መንገድ አስቶኛል። ያ ሁሉ ይረሳል። አንድ የሚያዝያ ቀን ግን እስካሁን ይቆጨኛል። አንድ ሰው የተናገረውን ለሌላው ሰው በትክክል ሳላደርስ ቀረሁ።

እንግዳዋ የመጣችው ከአልፕስ ተራሮች ነው። ሥራችን አንድ ነው፤ እሷም ሰው ይዛ ተራራ ትወጣለች። የምትወጣው ግን በበረዶ ላይ፣ በስኪ ነው፤ እግር ላይ በሚታሰር ረጅም ጠፍጣፋ መንሸራተቻ። ከፈረንሳይ ሻሞኒ ተነስቶ ስዊዘርላንድ ዘርማት የሚደርስ፣ አንድ ሳምንት ገደማ የሚፈጅ የታወቀ መንገድ አለ። እዚያ ላይ በየፀደዩ ሰው ትመራለች። የእነሱ ፀደይ የእኛ መጋቢትና ሚያዝያ ነው። የዚያን ዓመት ሥራዋን ጨርሳ ለዕረፍት ጎጃም መጣች።

ከደብረ ማርቆስ ረቡዕ ገበያ ድረስ በመኪና ሄድን። ከዚያ በኋላ ጭነቱን ፈረስ ተሸከመው። ባለ ፈረሱ ዕድሜያቸው የገፋ የአካባቢው ገበሬ ናቸው። «አያ» ነው የምላቸው። ሲመሽ ጓሳ በሚባለው የደጋ ሣር መሃል ድንኳን ተከልን፣ እሳት አነደድን፣ ድንች ጠበስን።

አያ ወደ እንግዳዋ እያዩ «ምንድን ነው ሥራዋ?» አሉኝ።

«በረዶ ላይ እየተንሸራተተች ሰው ትመራለች።»

«በረዶ ላይ?» ፊታቸው ተኮሳተረ። እሳቸው የሚያውቁት በረዶ ገብስ የሚያረግፈውን ነው። አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ቃል ይበቃኛል ብሏል፤ ጠጠር ሆኖ ለሚወርደውም፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ ለሚወርደውም። «አመዳይ በሉት» አልኳቸው። «ጉልበት የሚያሰጥም፣ ወራት የሚቆይ አመዳይ።»

ትንሽ አሰቡና «ቁልቁሉስ እሺ ይሁን። ሽቅቡን በምን ትወጣዋለች?» አሉ።

ጥያቄውን ስተረጉምላት እንግዳዋ ደስ አላት። ብድግ ብላ ወደ ፈረሱ ሄደች። መዳፏን ከትከሻው ወደ ኋላ አሻሸችው፤ እጇ ሙልጭ ብሎ ሄደ። ከዚያ ከታፋው ወደ ፊት ገፋችው። ጸጉሩ ቆመ፣ መዳፏ ተያዘ። ከስኪው ሥር እንዲህ ዓይነት ጸጉር ያለው ረጅም ጨርቅ እንደሚለጠፍ ነገረችን። ድሮ ሲል ከሚባል የባሕር እንስሳ ቆዳ ይሠራ ነበር፣ አሁን ከፍየል ጸጉር ወይም ከናይለን ነው። ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ወደ ኋላ ይይዛል። አያ ተነስተው በገዛ ፈረሳቸው ላይ እሳቸውም ሞከሩት። ያን ፈረስ ስንት ዓመት ሲያሻሹት እንደኖሩ እንጃ፣ የዚያን ምሽት ግን እንደ አዲስ ነበር የሚያዩት።

«ከእኛ ሰው የሚችለው አለ?» አሉኝ። ሮቤል ተክለማርያምን ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በአገር አቋራጭ ስኪ የተወዳደረ፣ በክረምት ኦሊምፒክ በመሳተፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ። በ2010ም ቫንኩቨር ላይ ደግሞታል። አያ «ጎሽ!» አሉ።

ከዚያ እንግዳዋ ስለ ሰዓት አወራችን። የፀደይ በረዶ ቀን በፀሐይ ይቀልጣል፣ ሌሊት ሰማዩ ከጠራ መልሶ ይጠጥራል። ስለዚህ ገና ሳይነጋ ይነሳሉ። ጠጣሩን ረግጠው ይወጣሉ። ፀሐይዋ ላዩን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ስታለሰልሰው፣ ያኔ ነው ቁልቁል የሚለቁት። ከዚያ ከዘገዩ ውሃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ በረዶው መያያዙን ይተዋል፣ ተዳፋቱ እንዳለ ናዳ ሆኖ ይወርዳል። ናዳ ውስጥ የተቀበረ ሰው ደግሞ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። አካፋና ሰው መፈለጊያ መሣሪያ ሁልጊዜ ይይዛሉ፤ ትልቁ መከላከያ ግን ቀትር ሳይደርስ መውረድ ነው አለች።

ይህን ሁሉ ለአያ አንድ ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩላቸው። የእሷን ነገር እንደ ጸሎት አጥርቼ ነው ያደረስኩት። ይህን የማነሳው ጧት ላይ ያደረግኩትን ከጎኑ አስቀምጣችሁ እንድታዩት ነው።

ጎሕ ሲቀድ አያ ከእኔ ቀድመው ተነስተዋል። ጎንበስ ብለው ጓሳውን በመዳፋቸው ጠራረጉና እጃቸውን አሳዩኝ። ደረቅ ነው። ከዚያ እንዲህ አሉኝ።

«ሌሊቱ ሞቆ አደረ። ውርጭ የለም፣ ጤዛ እንኳ የለም። እንዲህ ሆኖ ሲያድር ከቀትር በኋላ ሰማዩ አይምርም። ትናንትም ከትናንት ወዲያም ያን ገመገም በረዶ መትቶታል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጫፉ ላይ ደረሳችሁ አልደረሳችሁ ፊታችሁን አዙሩ። እምቢ ካለች እኔ ፈረሴን ይዤ እወርዳለሁ። ይህን ንገራት።»

ዞር አልኩና «በኋላ ዝናብ ሊመጣ ይችላል ይላሉ» አልኳት።

«እሺ፣ የዝናብ ልብስ ይዣለሁ» አለች።

በቃ፣ ይኸው ነው። ያን ሁሉ ነገር በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ቀበርኩት።

ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ አውቃለሁ። ያኔ የምሠራበት ድርጅት «እንግዳ አታስፈራሩ» የሚል መመሪያ ነበረው። ስብሰባ በተደረገ ቁጥር ይነገረናል። ይህን የሚነግረን ሰው ጮቄ ላይ አንድ ሌሊት አድሮ አያውቅም። እኔ ግን አድሬ አውቃለሁ። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ለእሱ አልሰጥም። «ፈረሴን ይዤ እወርዳለሁ» የሚለውን ፊት ለፊት መናገር ከበደኝ። ለእንግዳዋ ነውር መሰለኝ። አለሳልሳለሁ ስል ባዶ አደረግኩት።

አንድ ሰዓት ላይ ተነሳን። የአስታውን ቁጥቋጦ አለፍን፤ ከዚያ ወዲያ ጅብራ የሚባለው ተክል ብቻ ነው፣ እንደ ሰው ተራርቆ የቆመ። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ስድስት አሥረኛ ያህል ብቻ ስለሆነ እርምጃ ቀስ ይላል። አያ ፈረሱን ይዘው ከመጨረሻው ዳገት ሥር ሜዳው ላይ ቀሩ። ስንለያቸው ሰዓቴን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

ስድስት ሰዓት ሲሞላ ገና አልደረስንም። እንግዳዋ ቆመችና «የመመለሻ ሰዓት አለን?» ብላ ጠየቀችኝ። የሙያው ሰው ናት፣ መጠየቅ ያለባትን ጠየቀች። ሁለተኛ ዕድል ነበር። ከላያችን ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ነው። ጫፉ ይታያል። «ችግር የለም፣ ትንሽ ነው የቀረው» አልኳት።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ስድስት ሰዓት ከአርባ ሆኗል። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ጀደብ፣ ተምጫ፣ ሁሉም ከዚህ ተራራ ተነስተው ዞረው ዓባይ ነው የሚገቡት፤ በእጄ አቅጣጫቸውን እያሳየኋት ነበር። በዓባይ በረሃ በኩል የተነሳውን ደመና ያየሁት ያኔ ነው። ሥሩ ጥቁር፣ አናቱ እንደ ተቆለለ ነዶ። ብልጭ አለ። እሷ ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች። ዘጠኝ ላይ ነጎደ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ሦስት ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ቁልቁል ስንጀምር ስድስት ቆጠረች። ቀጥሎ ሦስት።

ከዚያ በኋላ መሪዋ እሷ ሆነች። «ተራርቀን እንሂድ፣ ገመገሙን ልቀቅ» አለች። ጎድጓዳ ቦታ ስናገኝ እግራችንን ገጥመን ቁጢጥ አልን፤ እሷ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ። በረዶው የሽምብራ ፍሬ ያህላል። ጆሮዬን፣ የእጄን ጀርባ ይገርፈኛል። በዚያ ውርጅብኝ መሃል የማስበው ሜዳው ላይ የቀሩትን ሰው ነበር። ወርደው ይሆናል እያልኩ ለራሴ እነግረዋለሁ። «ይዤ እወርዳለሁ» ብለዋላ።

አልወረዱም። አባርቶ ስንደርስ ሜዳው ነጭ ሆኗል። አያ በረዶው ላይ ተንበርክከው የፈረሱን የፊት እግር ይዘዋል። በነጎድጓዱ ደንብሮ ድንጋይ መሃል ገብቶ ነበር። ከሰኮናው ከፍ ብሎ ቆዳው ተገሽልጧል። ደሙ በረዶው ላይ ተንጠባጥቧል። አያ ከመቀነታቸው ቀደው እያሰሩለት ነው። ጋቢያቸው ውሃ ጠጥቶ እንደ እርጥብ ቆዳ ተንጠልጥሏል።

ቀና ብለው አዩኝ። «የነገርኩህን ነግረሃታል?»

ዝም አልኩ።

«እኔማ እምቢ አለች ብዬ ነው። እምቢ ብትልም እንግዳ ናት፣ ጥዬ መሄዱ አልሆንልህ አለኝ።»

እንግዳዋ «ምን አሉ?» አለች። ያኔ ሁሉንም ነገርኳት። የጧቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ገመገሙን፣ ስድስት ሰዓቱን፣ «ፈረሴን ይዤ እወርዳለሁ» የሚለውን ጭምር። ደረቁ ሳር ላይ ስደርስ እጇን አነሳችና አስቆመችኝ።

«ሌሊቱ ሞቆ አደረ ብለው ነበር?»

«አዎ።»

«ጧት ላይ ነው ይህን ያሉት?»

«ጧት።»

በዝግታ ነው የተናገረችኝ፣ አልተቆጣችም። «እኔ በሥራዬ በየማለዳው የምጠይቀው ይህንን ነው። ሌሊቱ ቀዝቅዞ አድሯል ወይስ አልቀዘቀዘም? ሰማዩ ከጠራ ምድር ሙቀቷን ትለቃለች፣ በረዶው ይጠጥራል። ደመና ካለ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናታል፣ በረዶው ሳይጠጥር ያድራል። እንዲህ ባደረ ቀን እኔ ሰው ይዤ አልወጣም። ይህችን ብቻ ብትነግረኝ መመለሻ ሰዓታችንን አጥብቄ እጠይቅህ ነበር። ምናልባትም ከድንኳኑ አልወጣም ነበር።»

አያ በተራቸው «ምን ትላለች?» አሉ። ተረጎምኩላቸው። የፈረሱን እግር እንደያዙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጧትም ገርሞኝ ነበር» አሉ። «እኔ ያን ሁሉ ተናግሬ አንተ በአንድ ትንፋሽ ጨረስከው። የፈረንጅ አፍ አጭር ይሆናል ብዬ ተውኩት። ለካ ረጅም ነገርኩህ፣ አጭር ነገርካት።»

ሁለቱ በአንድ ቋንቋ ቢነጋገሩ ኖሮ በሁለት ደቂቃ ይግባቡ ነበር። አንዱ ጓሳ ዳስሶ፣ አንዷ በረዶ ረግጣ ያወቁት ነገር አንድ ነው። መሃል ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።

እንግዳዋ ቁስሉን በያዘችው መድኃኒት አጥባ አሰረችለት። ለሕክምናውና ፈረሱ ለማይሠራበት ጊዜ ገንዘብ ሰጠች። እኔም ከደመወዜ ጨመርኩ። አያ የእኔን አልቀበልም ብለው ነበር፤ ለፈረሱ ነው ብዬ ለመንኳቸው።

ድርጅቱ ጋ እንግዳዋ የሞላችው ቅጽ ላይ ጫፉ ድረስ መውጣቷ ስለተጻፈ «አየህ፣ ባለማስፈራራትህ» ተባልኩ። የሆነውን ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ለእያንዳንዱ ጉዞ የመመለሻ ሰዓት በጽሑፍ ይሰጥ፣ የባለ ፈረሶች ቃልም እንዳለ ይተርጎም አልኩ። «እንግዳ ያሸሻል» አሉኝ። እንግዳ የሚያሸሽ እውነት ካለ እንግዳው አውቆት ይሽሽ ባይ ነኝ። እዚያ ብዙም አልቆየሁ። አሁን የራሴን እንግዶች ነው የምይዘው።

ከአያ ጋር ግን እስካሁን አብረን እንሠራለን። ፈረሱ ድኗል፤ ከሰኮናው በላይ ነጭ ጸጉር አብቅሏል። ጧት ጧት አያ ጓሳውን ዳስሰው የሚሉትን ይሉኛል። ወደ እንግዶቹ ዞሬ ስናገር እሳቸው ከጎኔ ቆመው አፌን ያያሉ። የእኔ ንግግር ከእሳቸው ካጠረ አይንቀሳቀሱም።

«አለቀ?» ይላሉ።

«አለቀ» እላለሁ።

ከዚያ ነው መጫኛውን የሚያጠብቁት።