ሳሙናና ፎጣም ላምጣ?

«በጾም ቀን አዛውንት ይዘሽ ቢራ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?» የጉዞ አዘጋጁ እንዲህ ካለኝ ቆየ። እስካሁን ይቆረቁረኛል።

ኮሎኝ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። አብዛኞቹ እንግዶቼ እዚህ ጀርመን ያሉ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከአገር ቤት የመጡ እናቶችና አባቶች ናቸው። ለእነሱ የሚወጣው ፕሮግራም አይለወጥም። ካቴድራል፣ ፎቶ፣ ራይን ወንዝ፣ ምሳ፣ አውቶቡስ።

ያን ረቡዕ ካቴድራሉ ውስጥ ብዙ ቆየን። የሰብአ ሰገል አጽም ነው ተብሎ የሚከበረው ቅርስ በ1164 ከሚላኖ የመጣው ወደዚህች ከተማ ነው። በወርቅ የተለበጠውን ሣጥን ሲያዩ እናቶች ቆመው ጸለዩ። እኔም ዝም አልኩ። ሕንፃው በ1248 ተጀምሮ በ1880 ማለቁን ስነግራቸው አንዱ አባባ «መሃል ላይ ማን ተወው?» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሥራው ቆመ። ያላለቀው ግንብ አናት ላይ የእንጨት ክሬን ለብዙ መቶ ዓመታት ተገትሮ ቀረ። ያንን ክሬን እያየ ተወልዶ እያየ የሞተ ስንት ትውልድ አለ!

አሮጌውን ገበያ ዞርን። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመካከለኛውን ዘመን ከተማ አብዛኛውን እንዳወደመው፣ ዛሬ የሚታየው ብዙው ቤት እንደገና የተሠራ መሆኑን አልደበቅኳቸውም። በቦምብ ያልጠፋ ነገር ግን አለ፤ እሱም የሰዉ አመል ነው። አመሉ ደግሞ ያለው ብራውሃውስ፣ ማለትም ቢራ ጠማቂዎቹ ቤት ነው። ስለዚህ ይዣቸው ገባሁ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ እህል መቅመስ ይቻላል።

እዚያ ቤት ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ኮልሽ የሚባለው ቢራ በ200 ሚሊ ሊትር ቀጭን ብርጭቆ ይቀርባል። አረፋው ቶሎ ስለሚሞት ትንሽ ትንሽ እየተቀዳ ወዲያው ይጠጣል። ስሙንም ማንም እንዳሻው አይጠቀምበትም፤ ጠማቂዎቹ በ1986 በፈረሙት ስምምነት ኮልሽ መባል የሚችለው በኮሎኝና በአካባቢዋ የተጠመቀ ብቻ ነው። አስተናጋጁ ኮቤስ ይባላል። ሰማያዊ ልብስ ለብሶ፣ ክብ ትሪውን አንጠልጥሎ ይዞራል። ብርጭቆህ ባዶ ከሆነ ሳትጠይቀው ሌላ ያስቀምጥልሃል። የብርጭቆው ማስቀመጫ ካርቶን ላይ በእርሳስ አንድ ጭረት ያደርጋል። ሂሳብህ ያ ጭረት ነው። በቃኝ ለማለት ካርቶኑን ብርጭቆው ላይ መክደን ነው።

ኮቤስ አይሽቆጠቆጥም። ምላሱ ስል ነው፤ ደንበኛውም የሚመጣው እሱን ጭምር ፈልጎ ነው። በዚች ከተማ በ1396 የነጋዴና የእጅ ባለሙያ ማኅበራት የድሮዎቹን ባለጸጋ ቤተሰቦች ከሥልጣን አውርደዋል። ጠማቂዎችም ከእነሱ ጋር ነበሩ። የኮቤስ ኩራት ከዚያ የወረደ ይመስለኛል። ይህ የኔ ግምት ነው።

ሜኑውን እኔ ያዝኩ። የድንቹ ቂጣ እንቁላል አለበት፣ ጎመኑ በስብ ሊሠራ ይችላል። ቅቅል ድንች፣ ጥቁር ዳቦና የተፈጨ ፖም አዘዝኩ። ኮቤሱ ግን ገና ምግብ ሳይመጣ ሙሉውን ትሪ ኮልሽ ደረደረው። አጠገቤ የተቀመጡት እማማ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «ልጄ፣ እኔ ውሃ ይምጣልኝ» አሉኝ።

ነገርኩት። ኮቤሱ ቀና ብሎ አያቸው። «ውሃ? ሳሙናና ፎጣም ላምጣ?» አለ። ጎረቤት ጠረጴዛው በሳቅ ፈነዳ። ይህ ውሃ ላዘዘ ሁሉ የሚወረወር የድሮ ቀልድ ነው፤ ኮሎኝ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል።

እማማ ሳቁን ሰምተው «ምን አለ?» አሉኝ። ያለውን እንዳለ ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ።

«እግዜር ይስጠው! ከጠዋት ጀምሮ ስንት ነገር ስነካ ውዬ ሳልታጠብ ልበላ ነበር። ተባረክ በይልኝ።»

ይህንንም አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። አገራችን እንግዳ ከመብላቱ በፊት ውሃ፣ ሳሙናና ፎጣ እንደሚቀርብለት፣ እማማም እንደ ትልቅ ክብር እንደወሰዱት ጨመርኩለት። ሰውየው ትሪውን እንደያዘ ቆመ። ጎረቤቶቻችንም ሳቃቸውን አቆሙ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ወደ ጓዳ ገባ። ሲመለስ በአንድ እጁ ጆግ፣ በሌላው ጎድጓዳ ሳህን፣ ክንዱ ላይ ነጭ ፎጣ ይዞ ነበር። ሳሙናውን ከኪሱ አወጣ።

እማማ እጃቸውን ዘረጉ። እሱ ጎንበስ ብሎ አፈሰሰላቸው። «እደግ! እጅህ ይባረክ!» አሉት። አጠገባቸው የነበሩት አባባ ወዲያው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ኮቤሱ ገባው፤ በዕድሜ ተራ ጠረጴዛውን በሙሉ አስታጠበ። ከወዲያ ማዶ ቢራ የጠማው ሲጮህበት «ጠብቅ፣ ሥራ ላይ ነኝ!» ብሎ መለሰ። በመጨረሻ የእማማን ውሃ በኮልሽ ብርጭቆ አመጣ። ካርቶናቸው ላይ ምንም አልጫረም።

ማታ አዘጋጁ ደወለ። ከግሩፑ አንዱ እየሳቀ ነግሮት ኖሯል፤ እሱ ግን አልሳቀም። እንግዳ አሰደብሽ አለኝ። ቀልዱን ውጠሽ «እሺ አለ» ማለት ነበረብሽ አለኝ። ውጬው ቢሆን እኮ እማማ ሳይታጠቡ፣ የሳቁ ምክንያት ሳይገባቸው ይወጡ ነበር! ሰውን ባሕር አሻግሮ አምጥቶ ድንጋይ ብቻ አሳይቶ መመለስ ማስጎብኘት አይደለም አልኩት።

«ሌላ ኮቤስ ቢሆንና ጀርባውን ሰጥቶ ቢሄድስ?» አለ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። እንደዚያ የሚያደርግ ኮቤስ አውቃለሁ።

ብራውሃውሱን ከፕሮግራሙ ሰረዘው። አሁን የእሱ እንግዶች ምሳ የሚበሉት ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። በግል የሚመጡልኝን ግን፣ ጠጡም አልጠጡም፣ ይዤ እገባለሁ። በር ላይ የኮቤስን አመል አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። እስካሁን ፈርቶ የተመለሰ የለም።