መልሱ የእናትየው ሽንት ውስጥ ነበር

ደብረ ብርሃን የምሠራ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። አገሩ ውርጭ ነው፤ ሰዉ ሽንቱ ሲቀላ «ኩላሊቴን ብርድ መታኝ» ይላል። ከመንዝ የመጣው ወጣትም ይህንኑ ነው ያለኝ። ካርዱ ላይ ደግሞ በየቦታው «ኢንፌክሽን» ተጽፏል፤ አንቲባዮቲክ ያልወሰደበት ጊዜ የለም። ጉንፋን በያዘው ቁጥር ሽንቱ ኮካ ይመስላል።

ላብራቶሪው ደምና ፕሮቲን አለው ብሎ ላከልኝ። ደሙ ከየት እንደመጣ ግን ወረቀቱ አይናገርም። ትኩስ ሽንት አስመጥቼ በሴንትሪፊውጅ አስዞርኩና ማይክሮስኮፑ ላይ ራሴ ተቀመጥኩ። ቀይ የደም ሴሎቹ ክብ አይደሉም። ተጨማደዋል፤ አንዳንዶቹ ጎናቸው ላይ ትንንሽ ጉብታ አውጥተዋል። በመሃላቸው የቀይ ደም ሴል ካስት አየሁ፤ ኩላሊቱ ቱቦ ውስጥ ተጣብቀው የቱቦውን ቅርጽ የያዙ ሴሎች ማለት ነው። እንዲህ ያለ ደም ከፊኛ ወይም ከጠጠር አይመጣም፤ ከኩላሊቱ ማጣሪያ፣ ከግሎሜሩለስ ነው። ነጭ የደም ሴል እምብዛም የለም። ኢንፌክሽን የሚለው ነገር እዚያው አበቃ።

ልጁን ሳናግረው አፌን አፌን ነው የሚያየው። ወደ መስኮቱ ዞሬ ስጠይቀው ዝም አለ።

«ጆሮውማ ከመርፌው ነው ይሉናል» አሉ እናቱ።

ጀንታማይሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ማለታቸው ነው። መድኃኒቱ ጆሮንም ኩላሊትንም ስለሚጎዳ ነገሩ የማይሆን አይደለም። ስለዚህ የቱ እንደቀደመ ማወቅ ነበረብኝ።

«እናቴ፣ ከመርፌው በፊት በደንብ ይሰማ ነበር?»

«ኧረ ምኑን ዶክተር! ገና ተማሪ ሳለ ነው መምህሩ ፊት ይቀመጥ ያሉን። ወንድሜም እንዲሁ ነበር። ኋላ አብጦ አብጦ ሞተ።»

የእናት ወንድም! ካርዱን ገልብጬ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ መሳል ጀመርኩ። ሴሲል አልፖርት የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1927 ስለ አንድ ቤተሰብ ጽፎ ነበር፤ ደም ያለው ሽንትና የመስማት ችግር አብረው የሚወረሱበት። በሽታው አልፖርት ሲንድረም ይባላል። ችግሩ ያለው ዓይነት 4 ኮላጅን ላይ ነው። ይህ ፕሮቲን የኩላሊት ማጣሪያ፣ የውስጥ ጆሮና የዓይን ሌንስ ሽፋን ውስጥ ስላለ ሦስቱ አብረው ይታመማሉ። ብዙ ጊዜ የሚተላለፈው በኤክስ ክሮሞዞም ነው፤ ወንድ ልጅ ከእናቱ እንጂ ከአባቱ አይወርሰውም።

«እስቲ እርስዎም ሽንት ይስጡኝ» ስላቸው እናትየው ሳቁ። ሰጡኝ፤ የሽንት መመርመሪያው ስትሪፕ ላይ ደም ታየ። አንድም ቀን አሟቸው አያውቅም፤ የተበላሸውን ጂን ግን ተሸክመዋል ማለት ነው።

የዓይን ሐኪሙ ሌንሱ ወደ ፊት እንደሾጠጠ አየ። ይህ ምልክት ከሌላ በሽታ ጋር እምብዛም አይገኝም። የጆሮው ምርመራም በሁለቱም በኩል ቀጭን ድምፅ እንደማይሰማ አሳየ።

ባዮፕሲው፣ ማለትም ከኩላሊቱ የተወሰደው ናሙና፣ ግን ያን ያህል አልረዳንም። በተራ ማይክሮስኮፕ ጠባሳና አረፋ መሳይ ሴሎች ታዩ፤ ፀረ እንግዳ አካላት ተጣብቀው እንደሆነ የሚያሳየው ኢሚውኖፍሎረሰንስ ባዶ ነው። የአልፖርት ዋና ምልክት የሚታየው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው፦ የማጣሪያው ሽፋን አንድ ቦታ ሲሳሳ፣ ሌላ ቦታ ሲወፍርና በየንብርብሩ ሲሰነጠቅ። እሱም የጂን ምርመራውም አልተገኘልንም። ለእኔ ግን የዘር ሐረጉ፣ ዓይኑና ጆሮው በቂ ነበሩ።

ኢናላፕሪል የተባለ የደም ግፊት ክኒን ጀመርንለት። አያድንም፤ የኩላሊቱን መድከም ግን በዓመታት ያዘገያል። ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ለዚህ በሽታ አይጠቅምም፤ አልሰጠሁትም። ካርዱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ጀንታማይሲንና ዳይክሎፌናክ ክልክል» ብዬ ጻፍኩ፤ ዳይክሎፌናክ የሕመም ማስታገሻ ነው፣ እሱም ኩላሊት ይጎዳል። ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ሊሄዱ ነበር። ይሂዱ፣ ክኒኑ ግን እንዳይቋረጥ አልኳቸው፤ ጸበል ከከለከልክ የሚተዉት ክኒኑን ነው።

እናትየው «ኩላሊቱ ከደከመ የኔን ስጡት» አሉ። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ስለጀመረ ሐሳቡ ሩቅ አይደለም። ነገር ግን ጂኑን የተሸከመች ሴት የራሷም ኩላሊት በኋላ ዕድሜዋ ሊደክም ይችላል። ስለዚህ ጊዜው ሲደርስ መጀመሪያ የሚመረመሩት አባቱ ናቸው። እህቱም ሽንቷን አስመርምራ ደም ተገኝቶባታል፤ የደም ግፊቷንና ፕሮቲኑን በየዓመቱ እናያለን።