ቆሞስ ሲቀየር ሒሳቡስ?

ዛሬ ስለ ካቶሊክ ቁምስና (አጥቢያ) ገንዘብ ጉድለት ስንነጋገር ዋልን። ቆሞስ ስል የአጥቢያውን ኃላፊ ካህን ነው። ሁሉም «አዲሱ ቆሞስ ማን ነው?» ይላል። ባንክ ላይ የሚፈርመው ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም!

እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ኮኔቲከት፣ ዳሪየን ከተማ የተጋለጠው ቆሞስ የቁምስናውን ገንዘብ ያሸሸው በድብቅ የባንክ ሒሳብ ነበር። ጉዳዩን ያወጡት የሒሳብ ሠራተኛዋና ረዳት ካህኑ ናቸው፤ ሰውየው 37 ወር ተፈረደበት።

ስለዚህ በርክክብ ቀን የቀድሞው ፈራሚ ይነሳ፣ ሁለት ፈራሚ ይተካ። የባንክ መግለጫውን ቼክ የማይጽፍ ሰው ይክፈተው።

ሙዳየ ምጽዋት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ከመቆጠሩ በፊት ነው፤ ከመንበረ ታቦቱ እስከ ቢሮ አንድ ሰው ብቻውን ሲሸከመው። ቁጥር ባለው ከረጢት እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይታሸግ። ዝምድና የሌላቸው ሦስት ሰዎች በተራ ይቁጠሩ፣ ሦስቱም ይፈርሙ፣ ወረቀቱ ከባንክ ደረሰኝ ጋር ይመሳከር።

ለቁምስና የገንዘብ ምክር ቤት በላቲን ሥርዓት ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ፣ በቀኖና 537 ግዴታ ነው። ግን አባላቱን ቆሞሱ ከወዳጆቹ ከመረጠ ምን ዋጋ አለው? ለጣሪያ የተሰጠ ገንዘብም ለደመወዝ አይውልም፤ ቀኖና 1267 ይከለክላል። ጊዜያዊ አስተዳዳሪ ከተሾመ፣ ሲጨርስ ለአዲሱ ቆሞስ ሒሳብ ያስረክባል። በጽሑፍ ይሁን፣ ከባንክ መግለጫው ጋር።