ፐርል ላይ አርጉመንቶችን ወደ ሃሽ ያስገባሁበት መንገድ

ፐርል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ገና እየለመድኩ ነው። የሎግ ፋይል የምታጣራ ትንሽ ስክሪፕት ነበረችኝና የፋይሉን ስምና የመስመር ብዛቱን ኮዱን ሳልነካ ከተርሚናል ልሰጣት ፈለግኩ፤ አርጉመንት የሚባሉት እንዲህ የሚሰጡት ነገሮች ናቸው።

ከስክሪፕቱ ስም በኋላ የምትጽፉት ሁሉ አርግቪ የሚባለው አሬይ (በተራ የተደረደረ ዝርዝር) ውስጥ ይገባል። ስሙ ራሱ ግን እዚያ የለም፤ ዶላር ዜሮ በሚባል ተለዋዋጭ ውስጥ ለብቻው ነው የሚቀመጠው። ከሲ ቋንቋ የመጣ ሰው እዚህ ጋ ግር ይለዋል።

መጀመሪያ አሬዩን እንዳለ ለሃሹ፣ ማለትም እያንዳንዱን ዋጋ በቁልፉ ስም ለሚይዘው ማስቀመጫ፣ ሰጠሁት። ፐርል ጥንድ ጥንድ እያደረገ፣ አንዱን ቁልፍ ቀጣዩን ዋጋ አድርጎ ይሞላዋል። አንድ መስመር ኮድ፣ አለቀ! ጣጣው የሚመጣው ዋጋ የማይፈልግ አማራጭ መሃል ሲገባ ነው። «በዝርዝር አሳይ» ለማለት ብቻ የምትጻፍ አንዲት ቃል ከኋላዋ ያለውን ቁልፍ እንደ ዋጋ ትውጠውና የተቀረው ሁሉ ይዛነፋል። ዋርኒንግስ (ማስጠንቀቂያው) ከበራ ፐርል ቁጥሩ ጎዶሎ ነው ብሎ ይነግራችኋል። እንዲህ ያሉ ቃላት ሁለት ከሆኑ ግን ጥንዱ ስለሚሞላ ጭራሽ ትንፍሽ አይልም፣ ይሄ ነው የሚያስፈራው።

ቀጥሎ ቁልፍና ዋጋውን በእኩል ምልክት አያይዤ ስፕሊት በሚባለው ጽሑፍ መክፈያ ፈንክሽን ከፈልኩ። ለስፕሊት ገደቡን 2 ብላችሁ ስጡት፣ ቢበዛ ሁለት ቦታ እንዲከፍል። አለዚያ ዋጋው የድረ ገጽ አድራሻ ቢሆንና ውስጡ ሌላ እኩል ምልክት ቢኖር፣ ጭራው ተቆርጦ ይቀራል።

አሁን የምጠቀመው አማራጮችን የሚያነብልኝን ጌትኦፕት ሎንግ የተባለ ሞጁል ነው። ከፐርል ጋር አብሮ ስለሚመጣ የሚጫን ነገር የለም። የሃሹን ሪፈረንስ (ወደ ሃሹ የሚጠቁመውን) ትሰጡታላችሁ፣ ከዚያ የአማራጮቹን ስም ትደረድራላችሁ፤ ከስሙ ቀጥሎ እኩል ምልክትና ኤስ ካለ ጽሑፍ፣ አይ ካለ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ይጠብቃል፣ ስሙ ብቻውን ከሆነ ደግሞ ዋጋ አይጠይቅም። ቁጥር በሚገባበት ቦታ ፊደል ቢገባ ያስጠነቅቅና ሐሰት ይመልሳል። ግን ፕሮግራሙን አያቆምላችሁም፤ መልሱን አይታችሁ ዳይ በሚባለው ትእዛዝ ማቆም የእናንተ ፋንታ ነው። ያወቃቸውን አማራጮች ከአርግቪ ላይ ስለሚያነሳ እዚያ የሚተርፉት የፋይል ስሞች ናቸው፣ እኔ በጣም የወደድኩለት ይሄንን ነው።

ነባሪ ዋጋ (ተጠቃሚው ምንም ካልሰጠ የሚያዘውን) ስትሰጡ ደግሞ 0ን አትርሱ። ተጠቃሚው ሆን ብሎ 0 ቢጽፍ፣ በሁለት ቋሚ መስመር የሚጻፈው «ወይም» እንደ ሐሰት ቆጥሮ በነባሪው ይተካዋል። ከፐርል 5.10 ጀምሮ ያለው ባለ ሁለት እዝባሩ ኦፕሬተር ግን የሚተካው ዋጋው ጨርሶ ካልተሰጠ ብቻ ነው።